የግቢ መግቢያን ከአውራ ጎዳና ጋር ማገናኘት፦ የ16 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

የመንገዱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማክሰኞ ደረሰኝ። በአውራ ጎዳናው ዳር ያለፈቃድ የተከፈቱ መግቢያዎች ባለቤቶች በ90 ቀን ውስጥ ማመልከቻ ያስገቡ፣ ያላስገባ መግቢያው ይዘጋል ይላል። የእኔ አስፋልቱ ከመስፋቱ በፊት የነበረ የአፈር መግቢያ ነው። ማንም ፈቅዶልኝ አያውቅም፣ ማንም ከልክሎኝም አያውቅም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በገዛ ግቢዬ መግቢያ ሌላ ሰው ምን አገባው ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ከግቢ ስወጣ አንድ ተሳቢ ክላክሱን እየነፋ ከመኪናዬ አፍንጫ በክንድ ርቀት አለፈ። ደብዳቤውን መልሼ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ከግቢዬ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ስመለከት በግራ በኩል ዳገት አለ፤ መኪና ከዳገቱ ጫፍ ብቅ ሲል ደርሶብኛል ማለት ነው። በቀኝ በኩል መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። 60 ሜትር ወረድ ብሎ የጎረቤቴ መግቢያ አለ። ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል ስወጣ ሽቅብ ነው የምወጣው።

ያሉኝ ዕቃዎች፦ የ50 ሜትር ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ስቶፕዎች ያለው ስልክ፣ የእህቴ ልጅ።

ሳምንት 2 — ፍጥነት

የተፈቀደው ፍጥነት 80 ነው። በ80 የሚነዳ ሰው ግን አይቼ ስለማላውቅ ራሴ ልለካ ወሰንኩ። ዘዴው ቀላል ነው፦ መንገዱ ዳር 100 ሜትር ተለክቶ ሁለት ችካል ይተከላል፤ መኪናው ከአንዱ እስከሌላው የፈጀበት ሰከንድ ይያዛል፤ 360 ለሰከንዱ ሲካፈል ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር በሰዓት ይወጣል። በ4 ሰከንድ ያለፈ 90 ነው፣ በ3.6 ሰከንድ ያለፈ 100።

መጀመሪያ በ50 ሜትር ነበር የሞከርኩት። በ50 ሜትር መኪናው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ጣቴ ትንሽ ከዘገየች ውጤቱ በ10 ኪሎ ሜትር ይዛባል። ያንን ጥዬ በ100 ሜትር ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ስህተት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ መንገድ ዳር መቆሜ ነው። ሾፌሩ ሁሉ ትራፊክ መስዬው ፍሬን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የለካሁት የሚያስመሰግን 74፣ 76፣ 71 ነበር! በማግስቱ ከአጥሩ ጀርባ፣ ከሁለቱም ችካሎች እኩል ርቄ ተቀመጥኩ፤ የእህቴ ልጅ ይጽፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። የማያቸው ደግሞ ከፊታቸው ማንም የሌለባቸውን ብቻ ነው፤ ከተሳቢ ጀርባ የሚጎተት መኪና የራሱን ፍጥነት አያሳይም።

100 መኪና ሞላን። ከፈጣኑ ጀምሮ ተደርድረው 15ኛው 3.7 ሰከንድ ሆነ፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ባለሙያዎቹ የ85 በመቶ ፍጥነት የሚሉት ይሄንን ነው፤ 85 በመቶው ሾፌር ከዚህ አይበልጥም፣ 15 በመቶው ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ስሌቱን ሁሉ የምሠራው በ97 ነው። ታፔላው 80 ቢልም የሚገጨኝ መኪና የሚመጣው በ97 ነው።

ሳምንት 3 — እይታ

ስሌቱ የአሽቶ (የአሜሪካ ግዛቶች የአውራ ጎዳናና ትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር) ነው፣ የመንገድ መሐንዲሶች ሁሉ የሚያውቁት፦ የሚያስፈልገው የእይታ ርቀት = 0.278 × ፍጥነት × ሰከንድ። ከቆመበት ተነስቶ ወደ ግራ ለሚታጠፍ የቤት መኪና 7.5 ሰከንድ፣ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍ 6.5 ሰከንድ ይያዛል። በ97 ሲሰላ ለግራ 202 ሜትር፣ ለቀኝ 175 ሜትር። ይህ በቀኝ በኩል በሚነዳበት መንገድ ነው።

በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ስለካ ወደ ዳገቱ በኩል 180 ሜትር አገኘሁ። ደስ አለኝ። ቢያንስ ለቀኝ መታጠፊያ ይበቃል ብዬ ቡና ልጠጣ ገባሁ።

ችግሩ እኔ ቆሜ ነው የለካሁት። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሾፌር ዓይን ከመሬት 1.08 ሜትር ነው የሚባለው፤ የሚታየውም ነገር 1.08 ሜትር ከፍታ እንዳለው ተደርጎ ይያዛል። የሚለካበት ነጥብም የግቢው በር አይደለም፣ ከመኪና መሄጃው ጠርዝ 4.4 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ በእንጨት ላይ 1.08 ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቀለልኩ፣ የእህቴ ልጅ ይዞት በመንገዱ ዳር ወደ ዳገቱ ሄደ፤ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ዓይኔን ከሌላ እንጨት ጋር አስተካክዬ ጠበቅኩ። ፕላስተሩ እየሄደ እየሄደ መሬት ውስጥ እንደመስመጥ አለ፣ ከዚያ ከልጁ ትከሻና ኮፍያ በቀር ምንም አልቀረም። ቀዩ የጠፋበት ላይ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ሜትሩ ሲዘረጋ 118።

118 ሜትር ለመታጠፍ አይበቃም። የከፋው ግን ሌላው ነው። በ97 የሚመጣ ሾፌር አይቶኝ እስኪያስብ 2.5 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ከዚያ በተለመደው አያያዝ ፍሬን ቢይዝ፣ ለመቆም 175 ሜትር አካባቢ ያስፈልገዋል። ያለው 118 ነው። እስካሁን ያልተገጨሁት ሾፌሮቹ ወደ ሌላኛው መስመር እየሸሹልኝ ነው። ሐሙስ የደረሰብኝን አሁን ነው በቁጥር የገባኝ።

ቁጥቋጦውን ቆረጥኩ፣ 126 ሆነ። ዳገት ግን በገጀራ አይቆረጥም።

ሌላም ነገር ቆጠርኩ። በጠዋቱ የሥራ ሰዓት በሁለቱም አቅጣጫ በሰዓት ወደ 900 መኪና ያልፋል። መኪኖች በዘፈቀደ ቢመጡ 7.5 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍተት በሰዓት 138 ጊዜ ይገኛል፤ እኔ የቆጠርኩት 121 ነው፣ በየግማሽ ደቂቃው አንድ እንደማለት። ስለዚህ ችግሬ የመኪና ብዛት አይደለም፣ ክፍተት ሞልቷል። ችግሩ ክፍተቱ ይኑር አይኑር አለማየቴ ነው።

ሳምንት 4 — የመጀመሪያው ማመልከቻ

መግቢያው ባለበት ይቆይልኝ፣ መስታወት ልስቀል አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ጎበጥ ያለ ትልቅ መስታወት ተሰቅሎ ዳገቱን ያሳየኛል። ስዕሉን ሳይቀር ሠርቼ ሄድኩ።

የመንገዱ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ወረቀቱን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። «ጎበጥ ያለ መስታወት መኪናውን አሳንሶ ነው የሚያሳይህ፣ ሩቅ ያለ ይመስልሃል። ፍጥነቱን ከመስታወት መገመት አትችልም። ሲቆሽሽ፣ ጉም ሲሆን፣ ሰው ሲሰብረውስ?» አለችኝ። በዚህ ፍጥነት ያለ መንገድ ላይ ለመስታወት ብላ ፈቃድ እንደማትሰጥም ነገረችኝ።

እሺ፣ ወደ ቀኝ ብቻ ልግባ፣ ወደ ቀኝ ብቻ ልውጣ አልኳት። ይህ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። በነፃ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚታጠፍበት ባለሦስት አፍ መገናኛ 9 የግጭት ነጥብ (የመኪኖች መስመር የሚለያይበት፣ የሚቀላቀልበት ወይም የሚቋረጥበት ቦታ) አለው፤ በቀኝ ገብቶ በቀኝ መውጣት ብቻ ከሆነ 2 ይቀራል። ፊት ለፊት ሌላ መግቢያ ተከፍቶ ባለአራት አፍ ከሆነ ደግሞ 32 ይደርሳል። ወደ ቀኝ ለመውጣትም ቢሆን ግን 175 ሜትር ያስፈልጋል፤ ያለኝ 126። ይህንንም በራሴ ቁጥር ነው የመለሰችልኝ። የፍጥነት መለኪያ ሠንጠረዤን ስታይ ግን «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» ብላ ቅጂ ጠየቀችኝ፤ እነሱ ማመልከቻዬን ሊያዩ የነበረው በ80 ነው። በ80 ቢሆን ለግራ 167 ነው የሚጠየቀው። ራሴ ላይ 35 ሜትር ጨመርኩ ማለት ነው። ቤት ስደርስ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ስወጣ የተናገረችው ነው ሥራውን የቀየረው፦ «መግቢያውን ቤትህ ፊት ለፊት አትፈልገው። መንገዱ የሚታይበትን ፈልግ፣ ከዚያ ወደ ቤትህ መንገድ አውጣ።»

ማታ ማታ ስለዚህ ጉዳይ አነበብኩ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ከግዛቱ አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኝ መግቢያን ሁሉ የሚገዛ ሙሉ ደንብ በ1981 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ በእንግሊዝም የ1980ው የአውራ ጎዳና ሕግ በእግረኛ መንገድና በመንገድ ዳር ሣር ላይ የመኪና መሻገሪያ ስለመሥራት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን ሁሉ የመግባት መብት አለው፣ የት ቦታና በምን ዓይነት እንደሚገባ ግን መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል ይወስናል።

ሳምንት 5 እና 6 — ጎረቤት

ከዳገቱ በራቅኩ ቁጥር እይታው ይረዝማል። ችግሩ የእኔ ወሰን ከመግቢያዬ 40 ሜትር ወረድ ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጎረቤቴ ነው።

በስሌቴ 85 ሜትር ብወርድ 126 ሲደመር 85፣ 211 ሜትር ይሆናል። በእንጨትና በፕላስተር ሄደን ስንለካ 196 ሆነ። ለምን? ከዳገቱ በራቅክ ቁጥር የዓይንህ መስመር ከጫፉ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ከጫፉ ማዶ ያለው ይበልጥ ይሸፈናል። የወረድኩትን ሜትር በሙሉ አላገኝም። 10 ሜትር ጨምረን 95 ላይ ለካን፦ 204። ከ202 በ2 ሜትር በለጠ። በቀኝ በኩል ያለው ከ240 በላይ ነው፣ እዚያ ሥጋት የለም።

ነጥቡ የጎረቤቴ መሬት ላይ አረፈ፣ ከእሳቸው መግቢያ 35 ሜትር ወረድ ብሎ። የእሳቸውም መግቢያ ደብዳቤ ደርሶታል፤ የእሳቸውም እይታ በ30 ሜትር ይጎድላል።

ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሁለታችንም አንድ መግቢያ ብናወጣስ?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ለአርባ ዓመት ገብቼ ወጥቼበታለሁ» አሉኝ።

አልተከራከርኩም። እንጨቱን ሰጥቼ በራሳቸው መግቢያ ላይ ዝቅ ብለው እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በርጩማ መጣ። ልጁ ወደ ዳገቱ ሄደ። አንድ ነጭ የቤት መኪና ከጫፉ ብቅ አለና ከፊታችን እስኪያልፍ ጋሼ በልባቸው ቆጠሩ። «ስድስት» አሉ። ቀጥለው «ይሄ ጠጠሩን ማን ነው የሚገዛው?» ሲሉ መስማማታቸውን ገባኝ።

ድርድሩ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ዋናው ነገር ስምምነቱ የእኔና የእሳቸው የግል ውል ሆኖ እንዳይቀር ነው። ከመሬቱ ጋር የሚሄድ የመተላለፊያ መብት ሆኖ ተመዘገበ፤ አንዳችን ብንሸጥ ገዢው መግቢያውን ሊዘጋ አይችልም። የግንባታ ወጪ 60 በመቶ በእኔ፣ 40 በእሳቸው፤ ጥገና እኩል። የሚያስፈራኝ የነበረው የወጪው ክፍፍል ነበር፤ ያጨቃጨቀን ግን በዝናብ ጊዜ ጭቃ የሚጠርገው ማነው የሚለው ነው። ስፋቱና የመሬቱ ልኬት በአባሪ ስዕል ገባ። ሕግ አዋቂ አስጽፉ፤ በዚህ ላይ ቆጥቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፍም ነበር።

ሳምንት 7 — ፈቃድ

ተሰጠ። ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁለት ገጽ ናቸው። ሥራውን የወሰኑት እነዚህ ናቸው፦ ስፋት 6 ሜትር፣ ሁለት መኪና እንዲተላለፍ፤ ከጎዳናው ጋር በ90 ዲግሪ እንዲገናኝ፤ የማዕዘን ራዲየስ 9 ሜትር፤ የግቢ በር ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢያንስ 12 ሜትር ገባ እንዲል፣ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቅ መኪና ጅራቱ ጎዳናው ላይ እንዳይቀር፤ ከመግቢያው ስር፣ በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ 600 ሚሊ ሜትር ቱቦ፤ የመጀመሪያው 10 ሜትር በኮንክሪት ወይም በአስፋልት፤ ውሃ ወደ ጎዳናው እንዳይፈስ ከጠርዙ በ2 በመቶ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል፤ ወደኋላ እየነዱ መውጣት ክልክል፤ ሁለቱም የድሮ መግቢያዎች እንዲዘጉና ቦያቸው ወደነበረበት እንዲመለስ።

የ10 ሜትሩ ለጥ ያለ ማረፊያ ለውሃ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኢንጂነሯን ስጠይቃት ሌላውን ምክንያት ነገረችኝ። የድሮው መግቢያዬ 6 በመቶ ሽቅብ ነው። መውጫው ከ3 በመቶ በላይ ዳገት ከሆነ ለግራ መታጠፊያ በእያንዳንዱ መቶኛ 0.2 ሰከንድ ይጨመራል፤ በ6 በመቶ 1.2 ሰከንድ። 7.5 ወደ 8.7 ከፍ ይላል፣ 202 ሜትሩ ወደ 235። አዲሱም ቦታ ላይ ሽቅብ እየወጣሁ ብቀላቀል ኖሮ 204ቱ ዋጋ አልነበረውም።

ፈቃዱ ሳይመጣ ቸኩዬ 450 ሚሊ ሜትር ቱቦ ገዝቼ ነበር። ሻጩ አልመልስም አለ። አሁን ጓሮ ውስጥ ተጋድሟል፤ ልጆች ይጫወቱበታል።

ሳምንት 8 — ቁፋሮና ቱቦ

ኤክስካቫተር ለሁለት ቀን ተከራየሁ። ቱቦው 8 ሜትር ይበቃል ብዬ ነበር፦ 6 ለመንገዱ፣ አንድ አንድ ለዳርና ዳር። ራዲየሱን ረሳሁት፤ መግቢያው ወደ አስፋልቱ ሲቃረብ እንደ መለከት ይሰፋል። የቱቦው አፍም ቀጥ ብሎ በቆመ ግንብ አይጨርስም። ከመንገድ የሳተ መኪና ቦይ ውስጥ ገብቶ እንደ ግድግዳ የሚቆም ነገር እንዳያገኝ አፉ በ1 ለ6 ተዳፋት ይቆረጣል። ሁሉም ሲደመር 2.4 ሜትር ርዝመት ያላቸው 6 ቱቦዎች፣ 14.4 ሜትር። ከታሰበው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ልኩን ያወጣሁት ውስጡ በሚታይ የውሃ ጎማ ውስጥ ባለ ውሃ ነው፤ 20 ሜትር ጎማ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ውሃው እኩል ይቆማል። ለዘመናት የሠራ ዘዴ ነው። ቱቦዎቹ ተደረደሩ፣ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ተሞላ፣ በጎኑ አፈር ገባ። ማታ ላይ ለሙከራ የውሃ ቦቴ አስመጥቼ ከላይ በኩል አስለቀቅኩ። ውሃው የቱቦው አፍ ጋ ደርሶ ቆመ። እንደ ኩሬ ተኝቶ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ከዚያ በኋላ ነው መግባት የጀመረው።

ቱቦው ከቦዩ ወለል 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጎማውን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው፣ ችካሉ አጠገብ ቀጥ ብሎ በሚወርደው በኩል የጣት ርዝመት ያላት አየር ተቀምጣለች። በጥፍሬ ስጠነቁለው ሽቅብ ሸሸች፣ ስትወጣም ውሃው በዚያው ጫፍ ወረደ። በቃ፣ ያቺ ናት። ጎማውን ስሞላ ቀስ ብዬ ከአንድ ጫፍ ብቻ መሙላት፣ ከዚያ ጠቅላላውን አንስቼ መመልከት ነበረብኝ፤ ወይም ከመለካቴ በፊት ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አቁሜ ውሃው እኩል መሆኑን ማየት። ይህች ግማሽ ደቂቃ ነው የምትፈጅ።

አፈሩ ወጣ፣ ሁለት ቱቦ ሲነሳ ተሰበረ፣ ኤክስካቫተሩ ለሦስተኛ ቀን ቆየ። ከጠቅላላው ወጪ 41 በመቶ የበላው ይህ ሳምንት ነው፤ ዕቅዴ ላይ 25 ነበር።

ሳምንት 9

ዝናብ። ሥራ የለም።

ሳምንት 10 — ሙሌት

ገረጋንቲ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ እያንዳንዱ ውሃ እየጠጣ በፕሌት ኮምፓክተር ተመታ። ቱቦው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ሮለር አይወጣም ብዬ ኦፕሬተሩን ለመንኩት፣ ሰማኝ። ከቱቦው ግራና ቀኝ ያለውን በእጅ መምቻ ነው የጨረስነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማሽን የማይገባበት ቦታ ላይ ችላ ያልከው አፈር ነው ከዓመት በኋላ የሚሰምጠው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር። ገረጋንቲ የጫነ ገልባጭ መጥቶ ሾፌሩ ቦታ ጠበበኝ ብሎ ጎዳናው ላይ ወደኋላ ዞረ። ኮኖቹን ያስቀመጥነው 50 ሜትር ላይ ብቻ ነው፣ ዳገቱን ያለፈ መኪና የሚያያቸው ከረፈደ በኋላ ነው። ሁለት መኪና ፍሬን ይዘው ተንሸራተቱ፣ ማንም አልተነካም። በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያውን ከዳገቱ ማዶ አደረግን፣ ባንዲራ የያዘ ሰው ጫፉ ላይ ቆመ። ስለ እይታ ርቀት ሳምንታት ሙሉ ሳወራ የከረምኩ ሰው ነኝ።

ሳምንት 11 — ኮንክሪት

ካሳፎርማ፣ ፌሮ በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 2 በመቶ ወደ ግቢው። በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ኮንክሪቱ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ተከፍሎ ተሠራ እንጂ አልተጣበቀም። ውሃው ወደ እኛ ግቢ እንዳይወርድ ማረፊያው መጨረሻ ላይ ፍርግርግ ያለው ቦይ ተደርጎ ወደ ጎን ወጣ። 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፈነ።

ከማረፊያው በኋላ ወደ ግቢ የሚወርደው 12 በመቶ ነው። የጋሼ መኪና ዝቅ ያለች የድሮ መኪና ናት። ከ2 ወደ 12 በአንድ ጊዜ ሲታጠፍ ጉብታ ይሆናል፤ የፊት ጎማ ሲወርድ ሆዷ ይነካል። ገረጋንቲው ላይ እያለ ኖራ በትነን በቀስታ አሳለፍናት፦ ሆዷ ስር ነጭ ኖራ፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ሁለት መዳፍ የሚያክል የተፋቀ ቦታ። 4 ሜትር ያህል በ7 በመቶ መካከል ላይ ጨመርን፤ ስለዚህ 2፣ 7፣ 12። በድጋሚ ኖራ በትነን አለፈች፣ ሆዷ ንጹሕ ነው።

ሳምንት 13 — የድሮዎቹን መዝጋት

ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነው ብዬ ነበር። ከሥራው ሁሉ ያስቸገረው ይሄ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ሪባን ወጠርኩ። ዕቃ የሚያመጡ ሾፌሮች ሪባኑን አንስተው ገቡ፤ ስልካቸው ላይ ያለው ካርታ የሚያሳያቸው የድሮውን በር ነው። ካርታው ላይ እርማት ላክሁ። ሦስት ትልልቅ ድንጋይ አንከባልዬ ደረደርኩ፣ አስተማማኝ መሰለኝ። ኢንጂነሯ በሚያልፍ መኪና ሆና አይታው ደወለች፦ «ቱቦውን በ1 ለ6 ያስቆረጥኩህ መኪና የሚያቆም ነገር ዳር ላይ እንዳይኖር ነው። አሁን ድንጋይ ደረደርክ?» ልክ ናት። ድንጋዮቹ ተመለሱ። የድሮው ቱቦ ወጣ፣ ቦዩ እንደቀድሞው ተቆፈረ፣ ሣር ተተከለ፣ አጥሩ ከቦዩ ወዲህ ተቀጠለ። ቦይ ራሱ በር ይዘጋል፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ሳምንት 14 — ርክክብ

አላለፍንም። ጋሼ ደስ ብሏቸው በመግቢያው በስተግራ፣ ከአስፋልቱ 3 ሜትር ላይ፣ የቤት ቁጥር የሚለጠፍበት ቆንጆ የድንጋይ ዓምድ አስገንብተዋል። ግንበኛው እኔ ያመጣሁት ነው፣ ሳላየው ነው ያለቀው። ዓምዱ የእይታውን ሦስት ማዕዘን (ከሾፌሩ ዓይን እስከሚመጣው መኪና ክፍት መሆን ያለበትን ቦታ) በመሃል ነው የሚቆርጠው፤ አንድ ሙሉ መኪና ጀርባው ይደበቃል። አፍርሱ ተባለ። ጋሼ አንድ ቀን አላናገሩኝም፣ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው መዶሻ ይዘው መጡ። ድንጋዩ በር አጠገብ፣ 12 ሜትር ገባ ብሎ እንደገና ቆመ።

ሐሙስ ኢንጂነሯ ተመልሳ መጣች፣ አለፈ።

ሳምንት 16

ቱቦው ላይ መሃል አካባቢ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰምጧል። በእጅ የተመታው ቦታ ነው፣ እንደፈራሁት። ለጊዜው አልነካውም፣ ችካል መትቼ በየሳምንቱ እለካዋለሁ።

እስከ ቤቴ ያለው ጉዞ በ110 ሜትር ረዝሟል። የእህቴ ልጅ ስቶፕዎች ይዞ ነበር፦ ከቤት እስከ ጎዳና 40 ሰከንድ ጨምሯል፣ ጎዳናው ጠርዝ ላይ የምጠብቀው ደግሞ ቀንሷል፣ ምክንያቱም አሁን ባዶ መሆኑን አይቼ ነው የምወጣው።

ቅዳሜ ጠዋት በእንጨቱና በፕላስተሩ እንደገና ለካን። 197። ደነገጥኩ። ስንሄድ ስንፈልግ ከዳገቱ በታች ባለው መሬት ላይ ሣሩ በዝናቡ ጉልበት ድረስ አድጓል፤ 7 ሜትር የበላብን እሱ ነው። 2 ሜትር ትርፍ ያለው መግቢያ በሣር ይወድቃል። ማጭዱን ስዬ ግማሹን አጨድኩ፣ ግማሹን ጋሼ በልጅ አሳጨዱት። ከሰዓት በኋላ ስንለካ 204 ተመለሰ። በየሦስት ሳምንቱ የሚለው የጥገና መስመር ስምምነቱ ላይ አልነበረም፤ ሰኞ አባሪ እናስገባለን፣ ተራው መጀመሪያ የእኔ ነው።